ፍም ኮከብና የውሃ አባቱ

ተረቴ ወንዝ ተሻግራ መጣች፤ ጆሮ ያለው ይቀበላት!

ልጆች፣ በድሮ ዘመን በአንድ ቆላ አገር አንድ ቀጭን ምንጭ ነበር። ምንጩ አንድ፣ ማሳው ብዙ። ስለዚህ ውሃው በተራ ነው። ተራውን የሚለየው ደግሞ ሰማይ ነው። በበጋ፣ ከመሸ በኋላ፣ ከምሥራቁ ጋራ ጀርባ አንድ ትልቅ ኮከብ ብቅ ይላል። መልኩ የበሰለ ብርቱካን ነው። ሰዉ «ፍም» ይለዋል። ፀሐይ ከገባች ፍም እስኪወጣ የላይኛው ማሳ ይጠጣል፤ ፍም ከወጣ እስኪነጋ የታችኞቹ። ቦዩን ግን ማንም በገዛ እጁ አይከፍትም። መጀመሪያ የውሃ አባት የሚባለው ዳኛ ኮከቡን አይቶ «ፍም ወጣ!» ብሎ መጮህ አለበት።

የውሃ አባቱ ማን ነበር? አያ ድንበሩ። የላይኛው ማሳስ የማን ነበር? የአያ ድንበሩ! እንግዲህ ታዘቡ።

ከታች ይታክቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት በርበሬ ተክላለች። ሌላ ምንም የላትም። በርበሬው ከደረቀ ልጆቿን ይዛ መሰደድ ነው።

አንድ ማታ ፍም ወጣ። ይታክቱ ዶማዋን ይዛ ጠበቀች። ጩኸት የለም። ሽቅብ ወጣች።

«አያ ድንበሩ፣ ፍም ወጥቷል፤ ጥራ እንጂ!»

«የታል?»

«ያውልህ፣ ከጋራው በላይ!»

«እሱማ የከሰል አክሳዮች እሳት ነው።»

«እሳት በሰማይ ይሄዳል?»

«ጋራው ረጅም ነው፣ እቴ።»

ውሃው ሌሊቱን ሙሉ የእሱን ሽንኩርት ሲያጠጣ አደረ። ይሄ ዳኝነት ነው? ይሄ ዝርፊያ ነው!

በሁለተኛው ማታ እንደገና ሄደች።

«አያ ድንበሩ፣ ፍም ወጥቷል!»

«ያ የጅብ ዓይን ነው።»

«ጅብ አንድ ዓይና ነው?»

«አንዱን ጨፍኖታላ!»

ይታክቱ ደሟ ፈላ። የበርበሬው ቅጠል ተጠቅልሏል፣ አበባው ረግፏል። ጎረቤቶቿ «ተይው፣ የውሃ አባት ነው፤ ምን ይደረጋል?» አሏት።

«ምን ይደረጋል? በሰማይ ያለውን ሲክደን ዝም ካልን፣ ነገ ፀሐይም አልወጣችም ይለናል!»

በሦስተኛው ማታ ሁለት ጎረቤቶቿን አስከትላ ወጣች።

«አያ ድንበሩ፣ ዛሬ አልጨቃጨቅህም። ፍምን ካላየህ፣ አላየሁም ብለህ ማልልኝ። እኔም አፌን ይዤ እገባለሁ።»

አያ ድንበሩ ሳቀ። መሐላ ምን ገዶት! ፍም ከጋራው በላይ ቁልጭ ብሎ እያየው፣ እጁን ዘርግቶ፣ «ፍም የሚባል ነገር አይቼ እንደሆነ ዘሬ አይባረክ!» አለ።

ሲነጋ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ አያ ድንበሩም እንደ ልማዱ ከመካከላቸው ተቀምጧል። ይታክቱ አልከሰሰችም። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ፣ እያለቀሰች ገባች።

«ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?» አሉ የሽማግሌዎቹ ታላቅ፣ አባ ወንድይፍራው።

«የአያ ድንበሩ ዓይን፣ አባቴ! ሦስት ማታ ሙሉ ፍምን ማየት አቃተው። በዘሩ ምሏል፤ እነዚህ ምስክሮቼ ናቸው።»

አባ ወንድይፍራው ወደ ድንበሩ ዞሩ።

«ታያለህ ወይስ አታይም?»

ድንበሩን ላብ አጠመቀው። አያለሁ ቢል በሐሰት የማለ ሌባ ነው። አላይም ቢልስ?

«አ... አላይም» አለ፤ ድምፁ የትንኝ ሆነ።

«እንግዲያው ኮከብ የማያይ የውሃ አባት አይሆንም። ሹመቱን ለይታክቱ ሰጥተናል። አንተም በጨለማ ገደል እንዳትገባብን፣ የምታጠጣው በቀን ነው፤ ሰው ሁሉ ከጠጣ በኋላ።»

የዚያን ዕለት ማታ ፍም የጋራውን ጫፍ ሲነካ፣ ከሁሉ ቀድሞ ያየው አያ ድንበሩ ነበር። አፉን ከፈተ። መልሶ ገጠመው። ይታክቱ «ፍም ወጣ!» ብላ ጮኸች፤ ውሃውም እየተንፏፏ ወደ በርበሬው ወረደ።

አንዱ ጎረቤት ዶማውን ተሸክሞ ሲያልፍ፣ «አያ ድንበሩ፣ ዛሬስ እንዴት እንደሚያምር ብታየው! ምን ዋጋ አለው፣ አንተ አይታይህ» አለው።

አያ ድንበሩ እንደ ዕውር በዱላው መሬቱን እየዳበሰ ወደ ቤቱ ገባ።

እያየ የካደ፣ ዓይኑን በእጁ አጠፋ።