የዘርትሁን ቀኝ እጅ

ዘመኑን እንጃ፣ በአንድ ወቅት መድኃኒት የሌለው ቀጭን መርፌ ገላ ላይ እየተከለ የሚያክም ሰው ነበር። ሊሞት ሲል ሚስቱን ዘርትሁንን፣ «የመርፌ ሣጥኔን ከሦስቱ ልጆቻችን በበድን እጅሽ ላይ ሕይወት ለሚዘራው ስጪ» አላት። ቀኝ እጇ ከደነዘዘ ቆይቷል፤ እሳት ቢነካው እንኳ አይሰማትም።

በዚያ ቤት መርፌው ከገባ በኋላ አካሚው «መጣ?» ብሎ ይጠይቃል። ከመርፌው ሥር ከበድ፣ ነዘር የሚያደርግ ስሜት ሲነሣ ነው መጣ የሚባለው። ታማሚው «መጣ» ካለ መርፌው ይነቀላል። አንዴ ከተነቀለ ያ ቦታ ዳግም አይከፈትም። ታማሚ በገዛ ገላው ይዋሻል ብሎ ማን ያስባል!

ባሏ ከተቀበረ በኋላ ታላቁ ልጇ መኳንንት እጇን በጣቱ ዳብሶ ዳብሶ ትክክለኛዋን ቦታ አገኘ፤ መርፌውንም ቀጥ አድርጎ ተከለው።

«መጣ?»

«አልመጣም፣ ልጄ።» እውነቷን ነበር።

እህቱ የሺመቤት ተቀበለችውና ያንኑ መርፌ በቀስታ ታሽከረክረው፣ ከፍ ዝቅ ታደርገው ጀመር። ላብ እስኪያጠምቃት አልተወችውም። ድንገት ከእጅ አንጓዋ ወደ ክርኗ የሚሄድ ክብደት ዘርትሁንን ተሰማት። ደስታዋን ልትናገር ስትል ግን ጥግ የቆመውን ትንሹን ልጇን ፈንታሁንን አየችው። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ አባቱ አንድ ቀን እንኳ መርፌ አላስነካውም፤ ተንቆ ነው ያደገው። ሣጥኑ ለእሱ እንዲደርስ ተመኘች።

«መጣ፣ እማዬ?»

«አልመጣም።»

የሺመቤት መርፌውን ለወንድሟ ለቃ እያለቀሰች ወጣች።

ፈንታሁን ሲይዘው ያ ክብደት ጠፋ። «መጣ?» አላት።

«መጣ፣ የኔ ጌታ፣ መጣ!»

መርፌው ተነቀለ፤ ሣጥኑም ለእሱ ተሰጠ። እጇ ግን በድን እንደሆነ ቀረ።

ፈንታሁን ነገሩ ሲገባው፣ «ለእኔ ብለሽ ነው?» አላት። አለቀሰች። ሣጥኑን እግሯ ሥር አስቀምጦ መርፌ የሚባል ሳይነካ፣ እያጎረሳት፣ ገላዋን እያጠበላት፣ ፀጉሯን እያበጠረላት ኖረ።

ልትሞት ስታጣጥር የሺመቤት ጠጋ ብላ ጠየቀቻት፦ «ያን ጊዜ በእኔ እጅ መጥቶልሽ ነበር?»

«መጥቶ ነበር፣ ልጄ። ይቅር በዪኝ።»

ይህን ብላ፣ ሣጥኑ ለማን እንደሚሆን ሳትናገር አረፈች። ሦስቱም አልቅሰው ቀበሯት፤ ሣጥኑን ግን ደፍሮ የሚያነሣ ጠፋ። መኳንንት ቦታዋን አግኝቷል፤ የሺመቤት ስሜቱን አምጥታለች፤ ፈንታሁን በበድኑ እጅ ፋንታ እጅ ሆኗት ኖሯል። እስቲ ፍረዱ፤ ሣጥኑ የሚገባው ለማን ነው?