ምስጋናው የተኛበት ድንጋይ

በአንድ ወቅት፣ ገደሉ ኦፓል የሚባለውን ባለ ብዙ ቀለም ድንጋይ መውለድ ጀምሮ የአገሩ ወንድ ሁሉ ሞፈሩን ጥሎ እንደ ፍልፈል መሬት ሲቦረቡር፣ ምስጋናው የሚባል ሰው ነበር። ሲቆፍር ኖረ፤ አላገኘም። ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱን ቆርቆሮ ሲያለብስ የእሱ ጎጆ ሣር እንደለበሰች፣ ሳንባውም አቧራ እንደጎረሰ ሞተ። ዕድል እንደ ክፉ ምራት ናት፤ ሲጠሯት አትሰማም፣ ማዕድ ከተነሣ በኋላ ትመጣለች።

ሚስቱ እንጉዳይ ልጅ የላትም። ለቸገረው ታበድራለች እንጂ ከማንም ደጅ ጨው ለምና አታውቅም፤ እንዲያ ያለች ኩሩ ናት። ባሏ የሞተ ዕለት ከሐዘኑ እኩል ያስጨነቃት ይኸው ነበር፤ ክረምት መጥቶ ያ ሣር ክዳን ሲያፈስ የማንን ደጅ ልትጠና ነው?

መቃብሩን እንዲቆፍር ቅሬው፣ የመንደሩ የቀብር ዕድር፣ የላከው ሰጠኝን ነው፤ ከምስጋናው ጋር አብሮ ገደል ሲፈለፍል የኖረውን። ፍትሐቱ አልቆ፣ ቃሬዛው ተነሥቶ፣ ሰው ሊያለቅስ አፉን ሲከፍት ሰጠኝ ከጉድጓዱ ውስጥ ጮኸ። እባብ የነደፈው መሰላቸው። ጠጋ ብለው ሲያዩ፣ ከመቃብሩ ወለል ላይ ቀይና አረንጓዴ የሚነድ የኦፓል ሥር ተጋድሟል።

ለቅሶው ቆመ። ተሸካሚዎቹ ለማየት ሲሽቀዳደሙ ቃሬዛውን አወረዱት። ፀሐይ ላይ አወረዱት!

ሰጠኝ ከጉድጓዱ ሳይወጣ ተናገረ። «የገደሉን ደንብ ታውቃላችሁ። ከጉድጓድ የወጣ ለገባ ነው፤ የገቡት እኩል ይካፈላሉ፣ አፉ ላይ የቆመ አይካፈልም። ማን ገባ? እኔ።» ውሸት አይደለም። ደንቡ እንዲያ ነው፤ ጣሪያው ሲደረመስ የሚሞተውም የገባው ነዋ።

የደብሩን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ ላቀው መስቀላቸውን ጉድጓዱ አፍ ላይ ዘረጉ። «ቅጥሩ የታቦቱ ነው። ለሟች የሰጠነው መተኛውን እንጂ ከሥሩ ያለውን አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሲያፈስ ታያላችሁ፤ እግዜር ራሱ አሳይቶናል።» ይኸም ውሸት አይደለም። ጣሪያው ያፈሳል።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ቸርነት ኮፍያውን አስተካከለ። «ሁላችሁም ተሳስታችኋል። ከላይ የፈለገ ይረስ፣ የፈለገ ይቀበር። ከመሬት በታች ያለው ማዕድን የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ያለ ፈቃድ አንዲት ጠጠር አትነሣም። ሕግ ነው።»

«ሕዝቡ ማነው?» አለው ሰጠኝ ከታች።

«ሁላችንም።»

«እንግዲያ እኔም ሕዝብ ነኝ፤ ድርሻዬን ላንሣ!»

ሰው ሳቀ። ሬሳ ፊት ሳቀ።

እንጉዳይ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከቃሬዛው ራስጌ ቆማ ነበር። የቆረጣት ሳቁ ነው። «ዕድሜ ልኩን የፈለገው እሱ፤ ሲመጣለት የናንተ ሆነ?» አለች። ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ጉድጓዱ አሰገገ። ያን ጊዜ ያቺ ወንድ ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ቀሚሷን ሰብስባ ባሏ መቃብር ውስጥ ገባች። ነጠላዋን ድንጋዩ ላይ ጣል አድርጋ ቁጭ አለችበት።

«ይኸው ገባሁ። የገባ ይካፈላል አላልክም?»

«እትዬ እንጉዳይ፣ ነውር ነው! ይውጡ!» አለ ሰጠኝ።

«ነውሩን መች እኔ ጀመርኩት? ደርሼበት ነው።»

መልሱስ ጥሩ መልስ ነበር። ግን ቀና ስትል ሰማዩን በመቃብር ልክ አየችው። ዳር ዳሩን ፊት ተደርድሯል፤ ቃሬዛው አይታያትም። የዝንቡ ድምፅ ግን ይሰማታል። ባሏን ለዝንብ ትታ ድንጋይ ታቅፋለች። ፊቷ እንደ ምጣድ ጋለ። ልውጣ ስትል የሚያፈሰው ክዳን ታያት፤ ልቀመጥ ስትል ዝንቡ። የኀፍረት ቤት ሁለት በር አለው፤ በሁለቱም ጎንበስ ብለው ነው የሚያልፉት።

ከሕዝቡ መሀል አንድ ሰው ብቻ ወደ ጉድጓዱ አልተጠጋም፤ አያ ውዱ፣ የምስጋናው የድንበር ጠላት። በአንድ ክንድ መሬት ተጣልተው ሰላምታ ካቆሙ ዘመን አልፏል። ወደ ቀብሩ የመጣውም ወዶ ሳይሆን፣ የቀረ ሰው በቅሬው ስለሚቀጣ ነው። እሱ ነው ሬሳውን ከቃሬዛው አንሥቶ፣ እንደ ሕፃን ታቅፎ የመጣ።

«ዞር በሉ» አለ። ቀጥሎም ወደ ታች፣ «እንጉዳይ፣ ተነሺለት። የገባ ይካፈል ካላችሁ፣ እሱም ሊገባ ነው። እንደናንተ ግን አይወጣም።»

ተነሣች። ውዱ ወረደ፤ ሰጠኝ እግሩን፣ እሷ ራሱን ይዘው፣ ምስጋናውን ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልገው ከኖረው ድንጋይ ላይ አስተኙት። ሦስቱም ወጥተው ውዱ አፈሩን ሲመልስ፣ ቄሱ መስቀላቸውን ሰበሰቡ፤ ሊቀ መንበሩም ኮፍያውን አወለቀ። ከቀብር መልስ እጅ ሲታጠቡ ማንም የማንንም ዐይን አላየ።

ሬሳ የገባበት መቃብር ዐፅሙ ሳይደርቅ አይከፈትም፤ የአገሩ ወግ ነው። ስለዚህ ሁሉም ይጠብቃል። ሰጠኝ ዶማውን ይስላል። ቄሰ ገበዙ ጣሪያውን ያያሉ። ሊቀ መንበሩ ሰው አምጥቶ ቦታውን አስለክቷል። ያ ውዱ እንኳ፣ ያ ሁሉን ያሳፈረ ውዱ፣ አንድ ቀን ጠላ ቤት ሞቅ ሲለው «እኔም እኮ ገብቻለሁ» አለ አሉ።

እንጉዳይም ከመቃብሩ አትጠፋም። መሬቱን በእጇ እየዳበሰች ታለቅሳለች፤ ሰው ሲያልፍ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስባለች። እጇ የሚፈልገው ባሏን ይሁን ድንጋዩን ራሷም አታውቅምና ታፍራለች። ጎጆዋ ግን ዘንድሮም እያፈሰሰች ነው።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ ስትፈርዱ ግን ሟቹን ፀሐይ ላይ አታውሉብኝ። ዐፅሙ የደረቀ ዕለት ድንጋዩ ለማን ይገባል? ዶማው ለነካው? መሬቱን ለያዘው ታቦት? ሕዝብ ለተባለው ለሁሉም? ነውሯን ከፍላ ለገባችው? ሙቱን ለተሸከመው ጠላት? ወይስ ገብቶ ላልወጣው? ለአንዱ ፈረዳችሁ እንበል፤ ምስጋናውን ከድንጋዩ ላይ ቀና በል የሚለውስ ማነው?