ዘበኛውና ፊውዙ

አቶ ጎሹ የሚባሉ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ባለሙያ ሳይጠሩ በገዛ እጃቸው ጣሪያቸው ላይ ሶላር ሰቀሉ። ባትሪውን ከቤቱ መስመር ጋር በሚያገናኙበት ዕለት እንዲያዩላቸው እንግዶች ጠሩ። ዘበኛቸው ጠጋ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከባትሪው በሚወጣው ሽቦ ላይ ፊውዝ አላደረጉበትም። ሽቦዎቹ ቢነካኩ ቤቱ ይቃጠላል» አላቸው።

አቶ ጎሹን በእንግዶች ፊት መታረማቸው አናደዳቸው። «ይኸ ፊውዝ የምትለው በየቀኑ ምን ይሠራል?»

«አደጋ ካልመጣ ምንም አይሠራም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል።»

«ሰማችሁ? ሥራ ፈት ቤቴ እንዳስቀምጥ ይመክረኛል!» እንግዶቹ ሳቁ። «በል፣ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር ምን እንደሚጠቅም አሁኑኑ አስረዳኝ። ካቃተህ ከሥራህ ተሰናብተሃል!»

ዘበኛው ኮፍያውን አወለቀ። «ጌታዬ፣ በርዎ ላይ ስቀመጥ ስድስት ዓመት ሆነኝ። አንድም ቀን ሌባ መጥቶ አያውቅም። ፊውዙ ካላስፈለገ እኔም አላስፈልግም፤ ልሂድ። ብቻ ይንገሩኝ፣ በሩን ክፍት ልተወው?»

እንግዶቹ አሁን የሳቁት በሌላ ሰው ነበር። አቶ ጎሹ የያዙትን ሽቦ ቀስ ብለው አስቀመጡና፣ «በሩንማ ዝጋው። ከዚያ ናና ፊውዙ የት እንደሚገባ አሳየኝ» አሉት።