«አያ» ያለው አህያ

ተረት ልንገራችሁ፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ ጅራት ያለውም አብሮ ይቀመጥ።

ቡላ የሚባል አህያ በጅብ ተማርኮ ከርሞ፣ አንድ ቀን ማምሻውን አምልጦ ወደ በረቱ ተመለሰ። በሩን ገና ሲያይ እንባው መጣ። ከአጥር ወጥቶ የማያውቀው ዳማ የሚባል ሌላ አህያ ግን መንገዱን ዘጋበት።

«ለመሆኑ እንዴት ሳይበላህ ቀረ?»

«አጥንቱን የምሸከምለት እኔ ነበርኩ። አያ ጅቦ ሸክም አይወድም» አለ ቡላ።

«ሰማችሁ?» አለ ዳማ በረት ውስጥ ወዳሉት አህዮች ዞሮ። «አያ አለው! ታላቅ ወንድሙ አደረገው እኮ! ይሄ ባንዳ ነው፣ እንዳይገባ!»

ቡላ ምላሱን ነከሰ፤ ቃሉን እዚያ ሲለው ከርሞ አፉ ላይ ቀርቶበታል። «ውጭ ካደርኩ እኮ ይበላኛል» አለ።

«አያህ አይደል? ምን ያደርግሃል!»

ይህን ጊዜ አሮጊቷ አህያ እማማ ዳለቻ ቀስ ብለው መጡ። ልጃቸው ከቡላ ጋር ነበር የተማረከው።

«ልጄስ?» አሉ።

ቡላ አንገቱን ደፋ። «አያ አልለውም አለ፣ እማማ። ያኔውኑ በላው።»

ዳማ «ጀግና!» ሊል አፉን ከፈተና የእናቲቱን ፊት አይቶ መልሶ ዘጋው።

«ምነው እሱም ባለልኝ!» አሉ እማማ ዳለቻ። ከዚያ ዳማን በትከሻቸው ገፋ አድርገው፣ «ግባ ልጄ፤ እኔ አጠገብ ተኛ» አሉት።

ቡላ ገባ። የአሮጊቷ ጎን ሲሞቀው «ተመስገን» አለ።

ተረቴ አለቀ፤ ከቤታችሁ የወጣ ሁሉ ይመለስላችሁ።