የፀዳለ ጥሪ ብቻ ለምን ይቋረጣል?

በአንዲት ትንሽ ከተማ የምትኖር አንዲት ሴት ነበረች። ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀች ትሸጣለች። ጉልበተኛ ናት፣ ምላሷ ፈጣን ነው፣ ልቧ ግን ቶሎ ይራራል። ስሟን ይርገዱ እንበላት።

ይርገዱ ፀዳለ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። ፀዳለ ሥራ አግኝታ ሌላ ከተማ ሄደች። እዚያው ከአንድ ሰው ጋር ተዋወቀች፤ ሽማግሌ ሳይላክ፣ እናት ሳትጠየቅ ጎጆ ወጣች። ይርገዱ ይህን የሰማችው ከልጇ አፍ ሳይሆን ከገበያ ነው። እንዴት እንደሚያም የወለዳችሁ ታውቁታላችሁ።

ታዲያ ምን አደረገች? የሴቶቹ እድር በተሰበሰበበት ብድግ አለችና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ፀዳለ የምትባል ልጅ የለችኝም። ሞተች ተብሎ መርዶ ቢመጣ እንኳ ድንኳን እንዳትተክሉልኝ» አለች።

ሰማችሁ? ለገዛ ልጇ ድንኳን ከለከለች። የእድሩ ሰብሳቢ እትዬ ዘርትሁን፣ ተይ እንዲህ አይባልም ብላ ልታስቆማት ሞክራ ነበር፤ አልሆነም። ትንሽ ከተማ አይደል፣ እድር ላይ የተነገረ ነገር ተናጋሪው ቤቱ ሳይደርስ ከተማውን ዞሮ ይጨርሳል። ያን ቀን ያልሰማ አልነበረም።

ጊዜ አለፈ። አንድ ቀን የይርገዱ ስልክ ጠራ። ፀዳለ ነበረች። ማርገዟን፣ የመውለጃዋ ጊዜም መቃረቡን ተናገረች። «እማ፣ ስወልድ አጠገቤ...» ስትል ድምፁ እልም አለ። ይርገዱ እሺ ልትል አፏን ከፍታ ነበር።

መልሳ ደወለች፤ አልወጣም አለ። በሌላ ቀን ፀዳለ እንደገና ደወለች፤ ሁለቱም ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ተቋረጠ። በሌላ ቀንም እንደዚያው። ልጅቱ በዚያኛው ወገን ሆና መልሳ ስትሞክር፣ የሚመልስላት ያ የተቀዳ ድምፅ ነው፤ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም ይላታል። ምን ታስብ? እናቴ ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ፣ ከዚያም ስልኩን አጠፋችው አለች። እናትየውስ? ልጄ ልትበቀለኝ እየደወለች ትዘጋብኛለች አለች። ሁለቱም አለቀሱ፣ ግን ለየብቻ።

ይርገዱ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ስልኩን አጥፍታ አበራች። ሲሙን አውጥታ በቀሚሷ ጠራረገችው፣ እፍ አለችበትም። መቼም በእኛ አገር እፍ ያልተባለበት ሲም የለም። የጎረቤቷን ስልክ ተውሳ ሲሙን እዚያ ከተተችው፤ ፀዳለ ስትደውል ያም ተቋረጠ። ኮረብታው ላይ ያለውን የኔትወርክ ማማ ረገመች። ግን አንድ ነገር አልገባ አላት። ወንድሟ ሲደውል አይቋረጥም። በርበሬ የሚያዙ ደንበኞቿ ሲደውሉ ደጃፏ ላይ በርጩማዋን ስባ ምላሷ እስኪደርቅ ታወራለች፣ አይቋረጥም። የሚቋረጠው የፀዳለ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ፀዳለ መደወሉን ተወች። ለገበያ በመጣ ሰው በኩል እንዲህ ስትል ላከችባት፦ ከእንግዲህ አላስቸግርሽም፣ የባሌ እናት መጥታ ታርሰኛለች።

ይህ ይርገዱን ሰበራት። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት እናቷ በሕይወት እያለች በአማት እጅ ልትታረስ ነው። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ስልክ ጠጋኙ ሄደች። ምን ብላ እየተመኘች እንደሄደች ታውቃላችሁ? ስልኩ ተበላሽቷል በለኝ ብላ ነው። ስልኩ ከተበላሸ ልጇ አልጠላቻትም ማለት ነዋ።

ጠጋኙ ስልኩን ፈታ፣ አየ፣ ገጠመ። ቅንብሩን ነካካ። ከራሱ ስልክ ደወለላትና በር ላይ ቆማ እንድታናግረው አደረገ። ጥርት ብሎ ይሰማል። ስልክዎ ጤነኛ ነው አላት። ሌላ ሰው ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር። ይርገዱ ግን፣ እንግዲያው ልጄ ጠልታኛለች ማለት ነው አለች በልቧ።

ሰውየው ሁሉንም ደንበኛ የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቃት። «እናቴ፣ ሲቋረጥብዎት የት ሆነው ነው የሚያወሩት?»

«ቤቴ ነዋ።»

«ከቤትዎ የቱ ጋ?»

ይርገዱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ አለችው።

የት እንደሆነ ልንገራችሁ። በርበሬዋን የምታስቀምጥበት ከጓሮ ያለ ክፍል ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ብረት፤ መስኮት የለውም። የሌላውን ሰው ስልክ ሁሉ ደጃፏ ላይ ታነሳለች። የፀዳለ ስም ሲመጣ ግን ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ ስልኩን አንስታ ሃሎ እያለች ትሮጥና እዚያ ገብታ በሩን ትዘጋለች። ለምን? ጎረቤት እንዳይሰማ። በእድሩ ፊት የለችኝም ያለቻትን ልጅ «ወዬ ልጄ» ስትል ሰው እንዳይታዘባት!

ጠጋኙ ይህን ሁሉ አያውቅም። ቆርቆሮ መሆኑን ሲሰማ፣ ቆርቆሮ ኔትወርክ አያስገባም፣ ወጥተው ያውሩ፣ ሌላ መድኃኒት የለውም ብሎ ስልኩን መለሰላት።

ቤቷ ስትደርስ ግቢው በሴቶች ተሞልቷል። ለካ በርበሬዋን ሊቀነጥሱላት የመጡት ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ያን ቀን እድር ላይ የነበሩት። እትዬ ዘርትሁንም መሃላቸው አለች። ይርገዱ ስልኩን አወጣች። እግሯ ወደ ለመደው ወደ ጓሮ መራት። ጥቂት ሄዳ ቆመች። አፈረች፣ እውነቱን ለመናገር በጣም አፈረች። ከዚያ ተመልሳ በርበሬው በተሰጣበት መሃል ቆማ ደወለች።

ተነሳ።

«ፀዳለ፣ እኔ ነኝ። እናትሽ ነኝ።»

«እማ፣ አሁንም ልትዘጊብኝ ነው?»

«ዘግቼብሽ አላውቅም ልጄ። ዕቃ ቤት ገብቼ ሳወራሽ ነው የሚቋረጠው።»

«ለምን ዕቃ ቤት ትገቢያለሽ?»

የሴቶቹ እጅ ሁሉ ቆመ። ይርገዱ አየቻቸው።

«እነ እትዬ ዘርትሁን እንዳይሰሙኝ።»

«አሁንስ?»

«አሁን እየሰሙኝ ነው። ይቅር በይኝ ልጄ። ያን ቀን ያልኩትን ሁሉ በእነሱ ፊት ነው ያልኩት፤ ዛሬም እነሱ ይስሙ።»

ስልኩ አልተቋረጠም። ከሴቶቹ ዓይኗን ያልጠረገች አልነበረችም፣ ሁሉም በበርበሬው አሳበቡ። እትዬ ዘርትሁን እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ስልኩን ተቀበለችና፣ «ፀዳለ፣ እናትሽ ነገ ትሳፈራለች። በርበሬውን እኛ እንጨርሰዋለን» አለች።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ልጠይቃችሁ። ይህች ሴት ልጇን አትወድም ነበር? ትወዳለች! ስልኩ ሲጠራ እየሮጠች ነበር የምትሄደው። ግን ወዴት ነበር የምትሮጠው?

እኛስ ወዴት ነው የምንሮጠው? ስንቆጣ አደባባይ እንመርጣለን። ስንሳደብ ሰው ይስማን፣ ይመስክርልን እንላለን። ልባችን ሲመለስ ግን በር እንዘጋለን። ባል ሚስቱን በእንግዶች ፊት ያዋርዳል፤ ይቅርታውን ግን መኝታ ቤት ገብቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግማሹን ውጦ ነው የሚናገረው። ከዚያ እርቁ አልጸና ሲል እሷን ይወቅሳል። ይቅር አትልም ይላል፣ ልቧ ድንጋይ ነው ይላል። ወንድሜ፣ ድምፅህ መች ደረሳት?

ጸሎት በስውር ነው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ከአምላካችሁ ጋር ስትነጋገሩ በራችሁን ዝጉ፤ እሱ በቆርቆሮም ውስጥ ይሰማል። በሰው ፊት ያቆሰላችሁት ሰው ግን በሰው ፊት ካልተካሰ ቁስሉ አይደርቅለትም።

በመካከላችን የማይነጋገሩ ሰዎች አሉ። ይህ ቤት ሁለት በር አለው፤ አንዳንዶቻችሁ ጉባኤው ሲያበቃ ያ ሰው በየትኛው እንደሚወጣ አይታችሁ በሌላው ትወጣላችሁ። ዛሬ እሱ በሚወጣበት ውጡ። እዚያው በሩ ላይ አቁሙትና በድያችኋለሁ... አይደለም፣ በድዬሃለሁ በሉት፤ አንድ በአንድ፣ በስሙ ጠርታችሁ።

ሰው ይሰማል ትላላችሁ? ስትሰድቡትም ሰምቷል።