ጀልባው ላይ የቀረችው ሴት

እስቲ ዛሬ ጣና ድረስ ልውሰዳችሁ። እዚያ ጥግ ያላችሁትም ስልካችሁን ኪስ ክተቱና ጀልባው ላይ ውጡ፤ ጥለናችሁ እንዳንሄድ።

አንዲት ሴት ነበረች። የፍኖተ ሰላም ሴት፣ ዘርትሁን የምትባል። ባሏ አላምረው በጽኑ ታመመባት። ሐኪሞቹ "ወደ ቤት ውሰዱት" አሉ። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ አይደል?

ሁሉም ተስፋ ሲቆርጥ እሷ ምን አለች? "ቅዱስ ሚካኤል ሆይ፣ ባሌን አንሣልኝ እንጂ በገዛ እጄ ዣንጥላ ይዤ ደሴትህ፣ ደጅህ ድረስ እመጣለሁ!" ደሴቱን አይታው አታውቅም። ጎረቤቷ ስለት ሰሚ ነው ስትል ሰማች፣ ተሳለች። በቃ።

ሰውየው ተነሣ! ምነው ዝም አላችሁ? እልል በሉ እንጂ! ተነሣ፤ በላ፣ ጠጣ፣ ጨዋታውም ተመለሰለት። እንዲያውም ከበፊቱ ባሰበት።

ከዚያ ባልና ሚስቱ ከሰፈራቸው የጉዞ ማኅበር ጋር ሆነው አንድ ጠዋት ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ተነሡ። ቀኑ ደስ ሲል! ውሃው ጸጥ ብሏል። ዳር ዳሩን ደንገሉ ለምልሟል፤ ታንኳ ቀዛፊዎች እጃቸውን እያውለበለቡ ያልፋሉ። አንዱ ደሴት ጋ ይቆማሉ፣ ወርደው ይሳለማሉ፣ ዋርካው ሥር አረፍ ይላሉ፤ ደግሞ ወደ ሌላው። ዳቦው ይዞራል፣ መዝሙሩ ይወጣል። ዘርትሁን በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ዣንጥላ ጭኗ ላይ አጋድማ በደስታ ትዘምራለች። "ትንሽ ልያዝልሽ" ሲሏት "ተዉኝ፣ እጄ አልደከመም" ትላለች።

ወደ ሚካኤሉ ደሴት ሲቃረቡ ጀልባ ነጂው ይበልጣል የሞተሩን ድምፅ ቀነሰና "እዚህ የምትወርዱት ወንዶች ብቻ ናችሁ። ሴት አይገባበትም። እናቶች ጀልባው ላይ ትጠብቃላችሁ" አለ።

ዘርትሁን ክው አለች።

"ምን አልክ አንተ ልጅ?"

"ኧረ እናቴ፣ የጥንት ሥርዓት ነው! ይህን ሳያውቁ ነው እንዴ የመጡት?"

አላምረው ሊያጽናናት ፈለገ። "ታዲያ ምን ችግር አለ? አምጪው፣ እኔ አደርስልሻለሁ። የዳንኩትስ እኔ አይደለሁም?"

"የተሳልኩት ግን እኔ ነኝ!" አለችው። "አንተማ ያኔ ውሃ በማንኪያ ስንሰጥህ እንኳ አታውቅም ነበር። በገዛ እጄ ብያለሁ። ደጅህ ድረስ ብያለሁ። ቃሌን አጥፌ ነገ ያ በሽታ ቢመለስብህ ምን ይውጠኛል?"

አያችሁ? የፈራችው ይህን ነው። ያ ሁሉ ደስታ በአንድ አፍታ ጭንቀት ሆነ። አጠገቧ ያሉት ሴቶች መካሪ ሆኑ። አንዷ "ለሌላ ቤተ ክርስቲያን ስጪው" ትላለች፤ ሌላዋ "ንስሐ አባትሽ ይፈቱሻል" ትላለች። እሷ ዣንጥላውን ደረቷ ላይ አጣብቃ ታለቅሳለች።

ወንዶቹ ወረዱ። አላምረውም ባዶ እጁን ወረደ። ይበልጣል ጀልባውን ከዳሩ ትንሽ አራቀና መልሕቅ ጣለ። የከሰዓቱ ነፋስ መነሣት ጀምሯል፤ ማዕበሉ ጀልባውን መታ መታ ያደርገዋል። "ቶሎ በሉ፣ ነፋሱ ሳይበረታ እንመለስ!" እያለ ይጣራል።

አላምረው ግን አልተሳለመም፤ በቀጥታ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ጋ ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ። "አባ፣ ሚስቴ ውሃው ላይ ቀርታ ታለቅስልኛለች" አላቸው።

አባ ወልደ ሰንበት "አትግባ የሚለው ሥርዓት በእሷ ላይ ነው። አትውጣ የሚል ሥርዓት ግን በእኔ ላይ የለም" አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ወረዱ። ዳር ሲደርሱ ይቆማሉ ብላችሁ ነበር? ቀሚሳቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡ! ጉልበታቸው ድረስ፣ ወገባቸው ድረስ። አላምረው "ኧረ አባ፣ ይወድቃሉ!" እያለ ከነጫማው ተከተላቸው።

"አምጪ ልጄ" አሉ፣ እጃቸውን ወደ ጀልባው ዘርግተው።

"አባ፣ ደጁ ድረስ ብዬ ነበር እኮ።"

"የሚካኤል ደጅ ከየት እንደሚጀምር አንቺ ነሽ የምትለኪለት? እስራኤልን በባሕር መካከል የመራ መልአክ ውሃው ደጄ አይደለም ይልሻል? ደርሰሻል ልጄ። አምጪ።"

ዘርትሁን በገዛ እጇ ሰጠቻቸው። አባ እዚያው ውሃው ውስጥ ቆመው ዣንጥላውን ዘረጉት፤ መጀመሪያ ያስጠለሉት እሷን ነው። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት! አላምረው ወገቡ ድረስ ርሶ እንደ ሕፃን ይስቃል። ሲመለሱ ነፋሱ ጀልባውን ሲያንገላታው፣ ማንም አልፈራም። ዘርትሁን ባሏ ትከሻ ላይ ጋደም ብላ እንቅልፏን ለጠጠችው።

ወገኖቼ፣ ከእናንተ መካከል ጀልባው ላይ የቀረ የለም? "እኔማ በዚህ ኑሮዬ፣ በዚህ ኃጢአቴ እንዴት ብዬ እገባለሁ" የሚል የለም? እስከምትችሉት ድረስ ኑ። የቀረውን መንገድ ጌታ ራሱ ይመጣዋል። እኛ ወደ ሰማይ መውጣት ቢያቅተን እሱ አይደል እንዴ የወረደው?

እኛ ደግሞ፣ ደረቁ ላይ የቆምነው! ቀድመን ገብተን ምንጣፍ ላይ የተቀመጥነው! ስንት ሰው ውጭ ሆኖ ሲያለቅስ፣ ልብሳችን እንዳይረጥብ ብለን ዳር ቆመን አየነው? "ና፣ ግባ" ማለትማ ቀላል ነው። ማነው ውሃው ውስጥ የሚገባለት?

ያው፣ እዚያ ከአጥሩ ውጭ፣ ዝናቡ ሥር ቆማችሁ የምትሰሙኝ አላችሁ። በየሳምንቱ አያችኋለሁ። ዛሬ ግቡ አልላችሁም። መስቀሉን ስጡኝ ዲያቆን፤ እኔ ልወርድ ነው። ጭቃ ነው አትበሉኝ፣ አውቃለሁ።