መሰላሉን ውሰጂብኝ

ይበልጣል የሚባል የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «ላጥና ብዬ እቀመጣለሁ፤ ስልኬ ድምፅ ባሰማ ቁጥር አነሳለሁ። አንድ ገጽ ሳልጨርስ ይመሻል። ውጤቴ ወርዶ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል፤ ከዚህ በኋላ መባረር ነው። ስልኬን ልስበረው?»

«ስልክ አትስበር» አልኩት። «ይልቅ ቁጭ በል። የምነግርህ አጭር ነው፤ ስልክህ ላይ ስታይ ከምትውለው ሁሉ ይጠቅምሃል።»

አንድ ገበሬ ነበረ። ማሽላው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፉን ይዞ ወፍ ይጠብቃል። የቤተሰቡ የዓመት ቀለብ ያ ማሽላ ብቻ ነው። ችግሩ፣ ጎረቤቱ ከማዶ «ኧረ ና ጉድ ስማ!» ብሎ በተጣራ ቁጥር ይወርዳል። ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ሲደርስ፣ ጉድ የተባለው የእገሌ ላም መውለዷ ነው። ሲመለስ የግሪሳ መንጋ ማሽላው ላይ ሰፍሯል። እሱን አባርሮ ላቡን ሳይጠርግ ደግሞ ይጠሩታል። ልብ በል፣ ሰውየው ሰነፍ አይደለም። ማታ ቤቱ የሚገባው ጉልበቱ ዝሎ ነው። ብቻ ድካሙ ለማሽላው አልነበረም።

የእርሻው እኩሌታ ባዶ አገዳ ሆኖ ሲቀር፣ አንድ ጠዋት በመሰላሉ ማማው ላይ ወጣና ከታች የቆመችውን ሚስቱን «መሰላሉን ውሰጂብኝ» አላት።

«ምነው? ከማን ጋር ተጣላህ?»

«ከእግሬ ጋር።»

ሳቀችና መሰላሉን ተሸክማ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቱ ተጣራ። ገበሬው ብድግ አለ፤ ቁልቁል አየ፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

«አያ! አትመጣም እንዴ?»

«መሰላል የለኝም! ማታ ትነግረኛለህ!»

«ሚስቴ አሰረችኝ በለኛ!»

«አዎ፣ አስራኛለች!» አለና ወንጭፉን አዞረ።

ማታ ሚስቱ መሰላሉን አምጥታለት ወርዶ ጎረቤቱን ሲያገኘው፣ ወሬውም አላመለጠውም፣ የተረፈው ማሽላም አልተነካም።

ይበልጣል፣ አንተም እንዲሁ ነህ። ማሽላው ትምህርትህ ነው፤ ጥሪው ስልክህ። ስትወርድ ስትወጣ ውለህ ደክሞሃል፤ ፊትህ ላይ ይታያል። እንዲህ ደክመው፣ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው የተመለሱ ልጆች ሸኝቻለሁ። መሸኘት ሰልችቶኛል። ገበሬው ጆሮውን አልደፈነም፣ ጎረቤቱንም አልተጣላም። ሲጠሩት እምቢ የማለት አቅም እንደሌለው ዐወቀና፣ ገና ሳይጠሩት መሰላሉን በሰው እጅ አደረገ። አንተም አሁን ቤተ መጻሕፍት ከመግባትህ በፊት ስልክህን ለዶርም ጓደኛህ ስጠው። «ብለምንህም እስከ ራት እንዳትሰጠኝ» በለው። ይስቅብሃል፤ ይሳቅ። በል ተነሥ፣ ሂድና ሞክረው።